ተነቃይዋ ጣቢያ፦ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም ዘገባ

ዘንድሮ 24 አባላት ነበሩን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ተገናኝተናል፣ ኮሚቴ መርጠናል፣ በሁለቱም ሴሚስተር ሪፖርት አስገብተናል። ስለ ስብሰባው ይኸው ይበቃል። የተሰጠኝን ገጽ ለሠራነው የድሬ ዳዋ ባቡር ጣቢያ ሞዴል ላውለው።

በወላጆች ቀን ሞዴላችንን ያየ ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠይቆናል፤ «ቤቶቹን ለምን በኮላ አታጣብቋቸውም?» ክፍል ስለሌለን ነው። ቤተ ሙከራውን ከኬሚስትሪ ጋር እንጋራለን፤ ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ መገኘት አለበት። ስለዚህ አሮጌው የድሬ ዳዋ ባቡር ጣቢያም ሆነ በዙሪያው ያሉት የከዚራ ሰፈር ቤቶች በየሳምንቱ ተነቅለው ካርቶን ውስጥ ይገባሉ። ቅዳሜ ተመልሰው ይተከላሉ፣ መብራታቸውም ይበራል።

ሀዲዱን የላከችልን ጀርመን የምትኖር የቀድሞ ተማሪያችን ናት። ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮው የጅቡቲ መስመር ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ ሞዴላችን ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ፣ ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ልጆቹ ራሳቸው አስልተው ይህን ሲደርሱበት ክፍሉ በጩኸት ተሞላ።

መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት ሽቦ አውጥተን ከጠረጴዛው ስር እናስር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግማሹ ተበጥሶ ነበር። መላውን ያመጣችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የተበላሸ ሪሞት ይዛ መጣችና የባትሪ ማስቀመጫውን ስፕሪንግ አሳየችን። «ቲቸር፣ ባትሪው እኮ በሽቦ አልታሰረም። ተጭኖ ብቻ ነው የሚሠራው» አለች። አሁን ከኮምፔርሳቶው ላይ ስፕሪንጎች ብቅ ብለዋል፤ ከቤቶቹ ስር ደግሞ ቀጫጭን የመዳብ ቁራጮች አሉ። ቤቱ ሲቀመጥ ይበራል፣ ሲነሳ ይጠፋል። ቤቶቹ ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል፣ ኤልኢዲ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቯ ከተገለበጠ አትበራም። ስለዚህ ቤቱን ከሚይዙት ሁለት ሚስማሮች አንዱን ወፍራም፣ አንዱን ቀጭን አደረግን። ቀዳዳዎቹም እንደዚያው ስለሆኑ ቤቱ ዞሮ ልግባ ቢል አይገባም።

ያልተሳካም አለ። የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚቀንሰውን ሬዚስተር ሳናስገባ 12 ቮልት ላይ አገናኝተን 6 ኤልኢዲ አቃጥለናል። ብርሃኑ በካርቶኑ ግድግዳ እንዳያልፍ ከውስጥ ፎይል ለጠፍን፤ ፎይሉ ሽቦ ነክቶ ሾርት አደረገና አዳፕተራችን ተቃጠለ። አሁን ውስጡን ጥቁር ቀለም እንቀባዋለን። 470 ኦም ሬዚስተር በስሌቱ ልክ ነበር፤ ጣቢያው ግን የሠርግ አዳራሽ መሰለ። 2.2 ኪሎ ኦም ስናደርገው ነው የማታ መብራት የሆነው። መበየጃ ያለን አንድ ብቻ ነው፤ 24 ልጅ ለእሱ ይሰለፋል።

ለአስተዳደሩና ለወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) የማቀርበው ጥያቄ ትልቅ አይደለም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የተሰበሩ ዴስኮች የታጨቁበት ክፍል አለ። የጽዳቱንና የቀለሙን ጉልበት እኛ እንችላለን። ሌሎች ክበቦች ማሊያና ኳስ ሲገዛላቸው ከልብ ደስ ብሎናል። ለእኛ የሚቆለፍ በርና ሁለት መበየጃ ይበቃናል።

ጥር ላይ ጣቢያውን ልንለካ ሄድን። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ድሬ መድረሱን፣ ከተማዋም በእሱ ምክንያት መቆርቆሯን ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ነበር። እነሱ ግን ሜትር ዘርግተው መስኮት ይለካሉ። የአንዱ ተማሪያችን አያት አብረውን ነበሩ፤ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ ናቸው። ያቺው የ9ኛ ክፍል ልጅ ጠጋ ብላ «አባባ፣ ማታ ማታ የትኛው መስኮት ነበር የሚበራው?» አለቻቸው።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ከዘራቸውን አንስተው አንዱን መስኮት አመለከቱ። «ሁሉም አይበራም ነበር ልጄ። ባቡሩ ሲዘገይ ያቺ ብቻ ናት። ተረኛው እዚያ ነው የሚያድረው። ስንቱን ሌሊት እኔ አድሬበታለሁ።»

ልጅቷ ደብተሯ ላይ መስኮቱን ከበበችው። እኔም ገለጻዬን ተውኩት።

ያቺን መስኮት ለብቻዋ ለማብራት አራት ቅዳሜ ፈጀብን። የተረኛውን ክፍል በካርቶን ከሌላው ለየነው፤ ከጣቢያው ስር ሦስተኛ ስፕሪንግ ጨመርን፤ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያም አደረግንለት።

በወላጆች ቀን መጋረጃውን ዘጋን። ልጅቷ መጀመሪያ ሁሉንም አበራች፣ ቀጥላም አንድ በአንድ አጠፋች። ያቺ መስኮት ብቻ ቀረች። አባባ ወንበር ስበው ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጡ። ወላጆች ሄዱ፣ አዳራሹ ተጠረገ፣ ልጆቹ የከዚራን ቤቶች እየነቀሉ ካርቶን ውስጥ ከተቱ። ጣቢያውን ግን እሳቸው ተነስተው እስኪሄዱ ድረስ ማንም አልነካውም።