ለደንበኞቻችን፦ ማሞቂያ ያላቸውን ያገለገሉ የመኪና ወንበሮች ስለምንገጥምበት አሠራር

ውድ ደንበኞቻችን፣

ካለፈው መስከረም ወዲህ ማሞቂያ ያለው ያገለገለ ወንበር ይዛችሁ ወደ ጥገና ቤታችን ከመጣችሁት መካከል አንዳንዶቻችሁ ሥራው ሳይሠራላችሁ፣ ሌሎቻችሁ ደግሞ ካሰባችሁት በላይ ዋጋ ተነግሯችሁ ቅር ብሏችሁ እንደተመለሳችሁ እናውቃለን። ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወንበሩን ገዝቶ፣ በአይሱዙ አስጭኖ፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል አምጥቶ በራችን ላይ «ይህን አንገጥምም» የተባለ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም። ስለደረሰባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አንለውጠውም። ምክንያቱን በር ላይ ቆመን ለእያንዳንዳችሁ በቅጡ ማስረዳት ስላልቻልን ይህን ደብዳቤ መጻፍ ግድ ሆኖብናል።

ውሳኔያችን ይህ ነው። ማሞቂያ ያለውን ወንበር የምንገጥመው ከባትሪው የሚነሣ የራሱ መስመር፣ የራሱ ፊውዝ፣ የራሱ ሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) እና ሙቀቱን የሚቆጣጠር መሣሪያ ሲኖረው ብቻ ነው። ከሲጋራ መለኮሻ ወይም ከሬዲዮ መስመር ቀጥሉልን የሚል ጥያቄ አንቀበልም። ማንኛውም ወንበር ከመገጠሙ በፊት ይለካል፤ ልኬቱን ካላለፈ ባለቤቱ የቅርብ ወዳጃችንም ቢሆን እንመልሰዋለን። ለ12 ቮልት የተሠራውን በባለ 24 ቮልት መኪና ላይ አንገጥምም፤ በጎኑ ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋ መከላከያ ከረጢት) ያለበትንም አንነካም።

ይህ ከታወቀ በኋላ «ዋጋ ለማስወደድ ያመጡት ዘዴ ነው» የሚል ወሬ በከተማው ተወርቷል። አንድ የቆየ ደንበኛችንም በሠራተኞቼ ፊት እንደዚያ ብሎኛል። ለወዳጅነታችን ስል የዚያን ዕለት መልስ አልሰጠሁትም፤ ነገር ግን አዝኛለሁ። መልሴ ከዚህ በታች ያለው ነው፤ እርሱም እንዲያነበው እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ የማናውቅ አድርጋችሁ አትዩን። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኝ፣ ስሟ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በሚታወቅ ከተማ ነው የምንኖረው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲገቡ በመኪና መስታወት ላይ የተጋገረውን ውርጭ በስልክ ካርድ እየፋቅን ነው ሥራ የምንገባው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቶ በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሾፌር፣ ወይም ከመሐል ሜዳ በርኖሱን ደርቦ የሚመጣ የመንዝ ሰው፣ ወገቡን የሚያሞቅ ወንበር ቢመኝ ቅንጦት አይደለም። ወደ እኛ ከሚመጡት አሮጌ ኮሮላዎች የብዙዎቹ የውስጥ ማሞቂያ አንድ ጊዜ ውኃ ሲያፈስ ቱቦው ማሞቂያውን አልፎ እንዲሄድ ታስሮ ስለቀረ፣ ከሞተሩ የሚመጣ ሙቀት የላቸውም። አዲስ መኪና ግዙ እንዳንላችሁ ደግሞ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ምን ያህል እንደሰቀለው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ያለውን አሮጌ መኪና አሙቆና ጠግኖ መያዝ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው። ፍላጎታችሁን አልተቃወምንም፤ የተቃወምነው አገጣጠሙን ነው።

የወንበር ማሞቂያ ከውጭ ሲታይ ቀላል ነገር ነው፤ ከጨርቁ ሥር በስስ ንጣፍ ላይ የተሰፋ እየተጠማዘዘ የሚሄድ የሽቦ መስመር ነው። ነገር ግን የአንድ ወንበር ማሞቂያ 60 ዋት ቢሆን በ12 ቮልት 5 አምፔር ይስባል፤ ሁለት ወንበር 10 አምፔር ይሆናል፤ ይህም የሁለት ረጅም መብራት ያህል ነው። ሞተሩ ተነሥቶ ዲናሞው ሲሞላ ቮልቱ ወደ 14 ስለሚወጣ ኃይሉ ከዚያም ከሲሶ በላይ ይጨምራል። በሌሊት መብራቱና የዝናብ መጥረጊያው በርተው፣ የድሮ ዲናሞ ያለው መኪና ዳገት ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ፣ ከዲናሞው የጎደለውን የሚሞላው ባትሪው ነው፤ ባትሪ ደግሞ በብርድ ጊዜ አቅሙ ይቀንሳል። በማግስቱ ጠዋት መኪናው አልነሣ ሲል «ኤሌክትሪሺያኑ አበላሸው» ይባላል።

የሲጋራ መለኮሻው መስመር ብዙውን ጊዜ 15 አምፔር ፊውዝ ነው ያለው። ሁለት ወንበርና አንድ የስልክ ቻርጀር ሲደረብበት ፊውዙ ሊቃጠል ይችላል። ፊውዙ መቃጠሉ ሥራውን መሥራቱ ነው፤ የተቀመጠው ሽቦውን እንዲጠብቅ ነውና። ባለመኪናው ግን በብርድ መሐል መንገድ ላይ ስለሆነ 30 አምፔር ይሰካበታል፤ እርሱንም ካጣ ከኬብል አንድ ሁለት የመዳብ ክር መዝዞ ይጠመጥምበታል። ከዚያ በኋላ እንደ ፊውዝ የሚቃጠለው ከሞኬቱ ሥር ያለው፣ ፕላስቲኩ በዕድሜ ብዛት የደረቀው ሽቦ ነው። ሌላ ቦታ የተገጠመለት አንድ መኪና እንዲህ ሆኖ ወደ እኛ መጥቷል። ሞኬቱን ስናነሣ ሽቦው ከወለሉ ጨርቅ ጋር ቀልጦ ተጣብቋል፤ ከወንበሩ ስፖንጅም የብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ ጠቁሮ ሰርጉዷል። ባለቤቱ የፕላስቲክ ሽታ ሸቶት ወዲያው ስላቆመ እርሱም ቤተሰቡም ተርፈዋል። ማን እንደሠራው አልጠየቅነውም። ወንበሩን ስንፈታ ግን ከጎኑ ቆሞ ነበርና፣ የተሰማው ነገር ከፊቱ ይነበብ ነበር።

ሌላው ነገር መቆጣጠሪያው ነው። «ወንበሩ ራሱ ሲሞቅ ያጠፋል» የሚሉ ሻጮች አሉ። በአንዳንድ የቆዩ ወንበሮች ይህ እውነት ነው፤ ከንጣፉ ጋር የተሰፋ ትንሽ ቴርሞስታት ስላላቸው ሲግል ይቆርጣል፣ ሲበርድ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ በተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ግን ያለው የሙቀት መለኪያ ብቻ ነው፤ ሙቀቱን ለክቶ ይናገራል እንጂ ራሱ አያጠፋም፤ የሚያጠፋው በመኪናው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ነው። መኪናው ሲፈታ ሽቦው ይቆረጥና መቆጣጠሪያው እዚያው ይቀራል። ለእናንተ የሚደርሰው ወንበር ከሥሩ ሁለት ወፍራምና ሁለት ቀጭን ሽቦ ይንጠለጠልበታል። ሁለቱን ወፍራም ከባትሪ ጋር ማገናኘት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ወንበሩም ይሞቃል፤ ደንበኛውም አመስግኖ ይሄዳል። ሙቀቱን የሚናገሩት ሁለቱ ቀጭኖች በናስትሮ ተጠቅልለው ከቀሩ ግን ያን ወንበር በቃህ የሚለው የለም። በ44 ዲግሪ ገደማ የሚቆይ ሙቀት እንኳ ለሰዓታት ቆዳ ላይ ካረፈ ያቃጥላል። ጤነኛ ሰው ሲግለው ይነቃል፤ ስኳር በሽታ እግራቸውን ያደነዘዛቸው አባትና እናት ግን ላይሰማቸው ይችላል። ማሞቂያውን አጥብቀው የሚፈልጉትም በብዛት እነርሱ ናቸው፤ ልጆቻቸው ናቸው ወደ እኛ የሚያመጧቸው።

ስለ ልኬቱም ላስረዳ፤ ብዙዎቻችሁን ያስቀየመው እርሱ ነውና። የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ቴስተሩን፣ በሁለቱ ወፍራም ሽቦዎች ላይ እናደርጋለን፤ ለ12 ቮልት የተሠራ ደኅና ንጣፍ ሁለት ሦስት ኦም አካባቢ ያነባል። ከዚያ አንድ ሠራተኛ በሾፌሩ መግቢያ በኩል ያለውን፣ ሰው ሲወጣና ሲገባ የሚታሸውን የወንበሩን ጠርዝ በጉልበቱ ይጫነዋል። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ደስ ይለናል። ከዘለለ ግን ከውስጥ ሽቦው ተሰንጥቋል፤ ሰው በተቀመጠበት ቁጥር እየነካና እየለቀቀ በዚያች ነጥብ ላይ ይግላል። ከጨርቁ ውጭ ምንም አይታይም፤ ሲገናኝም ይሞቃል። ለዚህ ነው «እየሠራ ለምን አትገጥሙትም» ስትሉን የማንስማማው።

አይሱዙ ላላችሁ ደግሞ በአጭሩ፦ የኤን ፒ አርና የኤፍ ኤስ አር ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ነው። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፤ 60 ዋት የነበረው 240 ይሆናል። ሁለት ወንበር በተከታታይ አገናኝቶ ማካፈል ይቻላል የምትሉም አላችሁ፤ የሁለቱ ንጣፎች ልኬት ካልተመሳሰለ ቮልቱ እኩል አይካፈልም፤ አንዱ ሾርት ካደረገ ሌላው 24ቱን ሁሉ ይሸከማል። በጎኑ ቢጫ ሶኬት ያለው ወንበር ደግሞ ኤርባግ አለበት ማለት ነው፤ ያ በውስጡ የሚፈነዳ ነገር ስለሆነ በቴስተር መነካካት የለበትም። የወንበሩ ሐዲድ ከወለሉ ቀዳዳ ጋር ካልገጠመም ብየዳውን ለሚችለው ባለሙያ ስጡ፤ የቀበቶው መቆለፊያ ወንበሩ ላይ ከሆነ በግጭት ጊዜ የምትያዙት በዚያ ብየዳ ነው።

እኔ ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ በረዳትነት ነው። መምህሬ በእርሳስ ያልተበየደ ቅጥያ ካገኙብኝ ናስትሮውን በሙሉ አስፈትተው እንደገና ያሠሩኝ ነበር፤ መኪናው ተገጣጥሞ ቢያልቅም እንኳ። ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሼ ይህን ቤት ስከፍት የነበረኝ አንድ ቴስተር፣ አንድ የመበየጃ ብረትና የእርሳቸው አመል ነው። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቼ የአዲስ አበባ መስመር ሚኒባስ ሾፌሮች ነበሩ፤ ዛሬም ልጆቻቸው ይመጣሉ። መንገድ በተቆራረጠባቸው ወራት ሥራ ጠፍቶ ቤቱ ሊዘጋ ሲቃረብ ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ገና ላልተሠራ ሥራ ቀብድ ሰጥታችሁናል። ይህን የማይረሳ ሰው ነው አሁን ወንበራችሁን የመለሰው። ገንዘብ ብቻ ብንፈልግ ኖሮ ሁለቱን ወፍራም ሽቦ አገናኝተን በቀን አምስት ስድስት መኪና ማስወጣት እንችል ነበር።

አሁን በምንሠራበት መንገድ አንድ መኪና ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ወንበሮቹ ይወጣሉ፤ ሞኬቱ ይነሣል፤ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ከባትሪው ተነሥቶ፣ ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ተቀምጦ፣ ሞተሩን ከመኪናው ውስጥ የሚለየውን ግድግዳ በጎማ ቀለበት ውስጥ ያልፋል። ሪሌው ከፊውዙ የሚመጣውን ኃይል ወደ መቆጣጠሪያው የሚያሳልፈው የመኪናው ቁልፍ ሲከፈት ብቻ እንዲሆን ይደረጋል፤ ስለዚህ መኪናው ቆሞ ወንበሩ ባትሪ አይጨርስም። ኔጌቲቩ የሚታሰርበት የቦዲ ቦታ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ እስኪታይ ይጸዳል። ከዚያ ወንበሩ ሰው ተቀምጦበት ለአንድ ሰዓት በርቶ ሙቀቱ ይለካል። ይህ ሁሉ ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል፤ የሽቦው፣ የሪሌው፣ የፊውዝ ቤቱ ዋጋም አብሮ ሄዷል። በገበያው ላይ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ሽቦ በርካሽ ይገኛል፤ በተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ ያነሰ ስለሚያሳልፍና ቶሎ ስለሚሰበር አንጠቀምበትም። የሠራተኞቼ ደመወዝና የቤት ኪራዩም ባሉበት አልቆሙም። ዋጋችን ከቀድሞው እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚህ ላይ የምናተርፈው ከዲናሞ ጥገና ከምናተርፈው ያንሳል። የምታምኑን ከሆነ በዚህም እመኑን።

ከእንግዲህ እንዳትጉላሉ፣ ወንበሩን ከመግዛታችሁ በፊት የሥሩን ሽቦዎችና ሶኬቶች በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልን፤ የሚሆነውንና የማይሆነውን ሳትከፍሉ እንነግራችኋለን። ገዝታችሁ ለመጣችሁት ልኬቱ በነፃ ነው። ሙሉውን ዋጋ በአንድ ጊዜ መክፈል ለሚከብዳቸው የቆዩ ደንበኞቻችን ግማሹን ሥራው ሲያልቅ፣ ግማሹን በሚቀጥለው ወር መቀበል እንችላለን። ይህን ብለን አፍረን እንዳንቀር ቃላችሁን እንድትጠብቁልን እንለምናለን።

ሌላ ቦታ ያስገጠማችሁም ብትሆኑ ቅዳሜ ጠዋት ኑ፤ ማን ሠራው ሳንል ያለ ክፍያ እናይላችኋለን። እስከዚያው የፊውዝ ቤቱን ክዳን ክፈቱና የሲጋራ መለኮሻውን ፊውዝ ተመልከቱ። ክዳኑ ላይ 15 ተጽፎ የተሰካው 30 ከሆነ፣ ወይም ሽቦ ተጠምጥሞበት ካገኛችሁት፣ ወደ እኛ እስክትመጡ ድረስ ማሞቂያውን አታብሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የመኪና ኤሌክትሪክ ጥገና ቤቱ ባለቤት
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ