ለልጄ፦ ጎጃም ስትሄጂ ይሉኝታሽን እዚሁ ትተሽው ሂጂ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽና ትንሹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ለፋሲካ ዓባይን ተሻግራችሁ አያትሽ ቀዬ ልትውሉ እንደሆነ እናትሽ ነገረችኝ። በጣም ደስ ብሎኛል። አያትሽ ባትኖርም አክስቶችሽ እየጠበቋችሁ ነው። በጉ እንኳን ከአሁኑ ተገዝቶ ታስሯል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ዜናውን ከሰማሁ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት እየነቃሁ ነው። ልጅሽ የፊታችን ሰኔ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። በ1989 ዓ.ም. ፋሲካ አንቺን ወደዚያው ቤት ስንወስድሽ ልክ እሱን ታክዪ ነበር።

ያን ጊዜ እንደታመምሽ ታውቂያለሽ። "ትንሽ አሟት ዳነች" ብለን ነው ያሳደግንሽ። ሙሉውን ነግሬሽ አላውቅም። ያልነገርኩሽ ጥፋቱ የኔ ስለነበረ ነው። አሁን ግን አንቺም እናት ሆነሻል፣ ያንኑ መንገድ ልትሄጂ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ከአውቶቡስ ተራ ሌሊት 11 ሰዓት ተሳፈርን። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ አስለቀሰሽ፣ ደጀን ስንወጣ ደግሞ እንቅልፍ ወሰደሽ። አማኑኤል ከተማ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከዚያ እስከ አያትሽ ቤት የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በትከሻዬ አድርጌሽ ገባን። እልልታው እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልመጣ ቀርቼ፣ በስተመጨረሻ ሚስትና ልጅ ይዤ ነው የመጣሁት።

የፋሲካ ዕለት ከእጅ ወደ እጅ ስትዞሪ ዋልሽ። የመጣ ሰው ሁሉ ሳያጎርስሽ አይሄድም። ያ ሁሉ ጉርሻ፣ ያ ሁሉ እጅ። ሰኞ ጠዋት ተቅማጥ ጀመረሽ። እኩለ ቀን ላይ ማስመለስ ተጨመረበት። እናትሽ ወዲያው "ሐኪም ቤት እንውሰዳት" አለች። እኔ "እስኪ ትንሽ እንያት" አልኩ።

ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር፣ ሁሉም ደግሞ መድኃኒት ያውቃል። አንዷ "ጥርስ ልታወጣ ነው" አለች። ሌላዋ "ዓይን በልቷት ነው፣ እንዲህ ቆንጆ ልጅ ሰው ፊት ታወጣላችሁ?" አለች። አንድ ዘመዳችን "እንጥሏ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጥ ሰው ልጥራ" ብሎ ተነሳ። እሱን እናትሽ እግሩ ላይ ወድቃ አስቀረችው። አያትሽ ጠበል አጠጣችሽ። ጠበሉን አልነቅፍም፣ እኔም አምናለሁ። ግን ጠበሉም እየተጠጣ፣ ጸሎቱም እየተደረገ መንገድ መጀመር ይቻል ነበር። ያልጀመርኩት እኔ ነኝ።

ለምን? ይሉኝታ ያዘኝ፣ ልጄ። ሌላ ምክንያት የለኝም። "ከተሜ ሆኖ መጣ፣ ናቀን" እንዳይሉኝ። ለኔ ተብሎ የታረደው በግ ሥጋ ገና አልተነካም። እናቴ ስድስት ዓመት ጠብቃኝ፣ በሁለተኛው ቀን ልጄን አንስቼ "እናንተ ቤት ታመመችብኝ" ብዬ መውጣት ሞት መሰለኝ። የሰው ፊት ከልጄ ሕመም በልጦ ታየኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በመንደሩ እየዞረ መርፌ የሚወጋ ሰው አመጡ። የመርፌውን ምንነት አልጠየቅኩም። ክብደትሽን አልመዘነ፣ ሆድሽን አልነካ። ወጋሽ፣ ብሩን ተቀበለ፣ ሄደ። እኔም ሰው አይቷታል ብዬ ልቤ አረፈ። ያ ማረፍ ነው ሌላ ግማሽ ቀን የበላብን።

ማክሰኞ ማታ ታለቅሺያለሽ፣ እንባ ግን የለም። በኩራዙ ብርሃን ጠጋ ብዬ አየሁሽ። አፍሽ ተከፍቷል፣ ፊትሽ የሚያለቅስ ሰው ፊት ነው፣ ጉንጭሽ ግን ደረቅ። ዓይንሽ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከቀትር ጀምሮ ሽንት አልሸናሽም ነበር። እናትሽ አንድ ቃል ሳትናገር ተነሳች። በአንቀልባ አዘለችሽ፣ ነጠላዋን ደረበች፣ በሩን ከፍታ ወጣች። እኔ ባትሪ ይዤ ተከተልኳት። ማንንም አልተሰናበትንም።

አማኑኤል ስንደርስ በዓል ስለሆነ የሚከፍትልን አላገኘንም። መንገድ ዳር ቆመን እህል የጫነ ኤንትሬ መጣ። ሾፌሩ አንድ ጊዜ አንቺን አየና ረዳቱን ጋቢና አስወርዶ ጭነቱ ላይ አሰቀለው። እኛን አስገባን። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታሉ በር ድረስ አደረሰን። ብር ስሰጠው "ለሷ ግዛበት" አለኝ። ስሙን አልጠየቅኩትም፣ ግን በየዓመቱ ፋሲካ ሲመጣ አስታውሰዋለሁ።

ድንገተኛ ክፍል ያገኘናት ሲስተር መጀመሪያ ያደረገችው ነገር አሁንም ዓይኔ ላይ ነው። የሆድሽን ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። የጤነኛ ልጅ ቆዳ ወዲያው ይመለሳል። ያንቺ ተጣጥፎ ቆየና ቀስ ብሎ ወረደ። ከዚያ ውኃ በማንኪያ አፍሽ ላይ አደረገች። ማንኪያውን ነክሰሽ ያዝሽ። "ትጠጣለች፣ ስለዚህ በአፏ እንሞክራለን፤ እምቢ ካለ ግሉኮስ እንሰካለን" አለች። መዘነችሽ፤ 10 ኪሎ። "በአራት ሰዓት ውስጥ 750 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ፣ ይህን በውኃ የተበጠበጠ የተቅማጥ መድኃኒት፣ መጠጣት አለባት። 150 የሻይ ማንኪያ ነው። አባት፣ አንተ ትቆጥራለህ።"

ቆጠርኩ። እንደ ጸሎት በጣቴ አንጓ እያልኩ ቆጠርኩ። አንድ ማንኪያ፣ ትንሽ መጠበቅ፣ አንድ ማንኪያ። ሲያስመልስሽ "አቁም፣ አሥር ደቂቃ ጠብቅ፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ቀጥል" ትለኛለች። እናትሽ መሬት ላይ ተቀምጣ አንቺን ደረቷ ላይ አስደግፋ ነበር። ወደ 80 ገደማ ስደርስ መቁጠር ጠፋኝና ከ70 ጀመርኩ። ሊነጋ ሲል እናትሽ ክንዷ ዝሎ አንቺን ለኔ ሰጠችኝ። ጋቢዬ ላይ ተኛሽ። ብዙም ሳይቆይ ጭኔ ላይ ሙቀት ተሰማኝ። ጋቢዬን አርሰሽው ነበር። ሲስተሯን ጮኼ ጠራኋት። መጥታ አየችና "በቃ፣ ኩላሊቷ ሥራ ጀመረ" አለችኝ። እዚያው ተንበርክኬ አለቀስኩ። ያን ጋቢ እናትሽ አሁንም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ሐሙስ ወደ አያትሽ ተመለስን። ትቆጣለች፣ ታዝናለች ብዬ እየፈራሁ ነው የገባሁት። አንቺን ተቀበለችኝና ፊትሽን ዳበሰች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። "ለምን ሰኞ አልነገርከኝም?" አለች። "ላስከፋሽ አልፈለግኩም" አልኳት። ብዙ ዝም አለች። "ካንተ በፊት ሁለት ልጅ በዚሁ በሽታ ቀብሬያለሁ። ሐኪም ቤት ያኔ ከኛ ሩቅ ነበር። አንተ መንገድ እያለህ እኔን ፈርተህ ተቀመጥክ?" አለችኝ።

ሁለት ወንድሞች እንደነበሩኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። የፈራሁት ሰው ከሁሉም በላይ እንድሄድ የሚፈልግ ሰው ነበር።

እንግዲህ አንቺን እንዲህ አታድርጊ ልልሽ ነው የጻፍኩት። ትንሹ አንድ ነገር ከሆነ ከማንም ፈቃድ አትጠብቂ። ቡናው ቢፈላ፣ እንግዳው ቢበዛ፣ አክስትሽ ብታለቅስ፣ ተነሺና ሂጂ።

ዛሬ ነገሩ ከኛ ጊዜ በጣም ይሻላል። ያኔ በየቀበሌው ጤና ኬላ አልነበረም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። አሁን አክስትሽ ቤት አጠገብ ጤና ኬላ አለ፣ አማኑኤል ጤና ጣቢያ አለ፣ ከፍ ካለ ደብረ ማርቆስ ሪፈራል ሆስፒታል አለ። ባሕር ዳርም ስትሄዱ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች አሉ። በደረስሽበት ቦታ ሁሉ መጀመሪያ ቀን፣ ገና ማንም ሳይታመም፣ የቅርቡ የት እንደሆነና ሌሊት ማን እንደሚያደርስሽ ጠይቂ። በዓል ላይ ማን ክፍት እንደሆነም ጠይቂ። እኔ ያልጠየቅኩት ይህን ነው።

ሻንጣ ስታዘጋጂ ከልብሱ በፊት የክትባት ካርዱን አስገቢ። የሮታ ክትባቱን፣ የተቅማጡን ማለቴ ነው፣ በጊዜው ወስዷል፤ ያ ክትባት አገራችን የገባው በ2006 ዓ.ም. ነው፣ አንቺ አልነበረሽም። ከመሄዳችሁ በፊት አስመዝኚውና ኪሎውን ካርዱ ላይ ጻፊ፣ የሕፃን መድኃኒት የሚሰጠው በኪሎ ነው። ኦአርኤስ አምስት ስድስት ፓኬት ያዢ። አንዱ ፓኬት የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፣ አይበዛም፣ አያንስም። የአንድ ሊትር ሃይላንድ ከሌለ ሦስት የቢራ ጠርሙስ ልኬቱ ነው። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ድፊውና አዲስ በጥብጪ። ከሱ ጋር ዚንክ ያዢ። ላንቺ ጊዜ አይሰጥም ነበር፤ አሁን ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በሱ ዕድሜ በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም ኪኒን ለ10 ቀን ይሰጣል፣ ተቅማጡ ቢቆምም አይቋረጥም። ጡትም ምግብም አታቋርጪበት። ለትልቅ ሰው የሚሸጠውን ተቅማጥ ማቆሚያ ማንም ቢሰጥሽ ለሱ እንዳትሰጪ።

ኦአርኤስ እየሰጠሽው ደግሞ ዓይንሽን ከሱ አታንሺ። የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ሲጠሩት እንደ ወትሮው ካልነቃ፣ ዓይኑ ከገባ፣ ሳይሸና ስድስት ሰዓት ከሞላ፣ ሰገራው ላይ ደም ካየሽ፣ ካንቀጠቀጠው ቤት አትቀመጪ። "ሲነጋ" አትበዪ። ወደ ሌላ ሆስፒታል ከላኩሽ የሪፈር ወረቀቱን ሳትይዢ አትውጪ፤ ምን እንደተሰጠው፣ በስንት ሰዓት እንደተሰጠው ይጻፉልሽ። ጥሬ ብርም ያዢ፣ መብራትና ኔትወርክ በሌለበት የስልክ ብር ስልክ ውስጥ ይቀራል።

የወባውን ነገር ለብቻው ልንገርሽ፣ ሰው የሚዘነጋው እሱን ነው። አክስትሽ ቤት ደጋ ነው፣ ስጋቱ ብዙ አይደለም። ባሕር ዳር ግን ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ ወባ አለ። አጎበር ውስጥ አስተኚው፣ አመሻሽ ላይ እጅጌ ረጅም አልብሺው። ወባ ደግሞ በነከሰ ማግስት አይታይም፣ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። አዲስ አበባ ከተመለሳችሁ በኋላ ቢያተኩሰው ሐኪሙ ጉንፋን ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ሳይጠይቅሽ "ባሕር ዳር አድረን ነበር" በዪው፣ ከጣቱ ደም ወስደው ይዩለት።

መንገዱንም አጣርታችሁ ውጡ፣ ሌሊት አትጓዙ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳላስፈቅድሽ አድርጌያለሁ። ትናንት ለአክስትሽ ደወልኩላት። "ልጁን ትንሽ ነገር ከነካው ከመካከላችሁ ተነስተው ይሄዳሉ፣ ቅር እንዳትሰኙ" አልኳት። ሳቀችብኝ። የጎረቤታቸው ልጅ ባጃጅ አለው፤ ለካ ቀድማ ሄዳ አናግራዋለች። "ፋሲካ ሌሊትም ቢሆን ስልክህን እንዳታጠፋ" ብላዋለች።

ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ።

አባትሽ