ካርታው ሲቀየር ቀኑም ይገፋ? ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ብርድ እንደሆነ አመሉን ታውቂዋለሽ። እናትሽ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባ ነው የምትውለው።

ስለ መመረቂያ ጽሑፍሽ በስልክ ያነሳሽው ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። የምርጫ ክልሎች ካርታ ተቀይሮ ክስ ሲነሳ ፍርድ ቤት የምርጫውን ቀን ጨርሶ መንካት የለበትም አልሽኝ። እኔ አልስማማም። አባትሽ ሕግ አልተማረም፤ ግን ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ሲጽፍ ነው የሸበተው።

ገበሬው ወሰኔ ተገፋ ብሎ ይመጣል። እግድ ጻፍልኝ ይለኛል። መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ወሰኑ አይደለም። “አሁን ማን እያረሰው ነው?” እላለሁ። የሚያርሰው ተከሳሹ ከሆነ፣ ቀጠሮ በረዘመ ቁጥር ተጠቃሚው እሱ ነው። ምስክሬ ታመመ፣ ጠበቃዬ አልመጣም እያለ ሰኔን ያሻግራል። ሁለቱም እንዳያርሱ ከታገደ ደግሞ መሬቱ ጦሙን ያድራል። በምርጫም ያው ነው። ቀኑ ሲገፋ ወንበሩ ላይ የሚቆየው ማነው?

የአሜሪካኖቹን እንይ። በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ይቆጥራሉ፣ ካርታ ያወጣሉ፣ ከዚያ ይካሰሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 የሰሜን ካሮላይና ግዛት ቅድመ ምርጫ፣ ማለትም ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸው የሚለዩበት ምርጫ፣ ለማርች 8 ተቀጥሮ ነበር። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሜይ 17 አዛወረው። ሜሪላንድም ከጁን 28 ወደ ጁላይ 19 ተገፋ። ኒውዮርክ ላይ ካርታው ሲሻር የኮንግረሱና የግዛቱ ሴኔት ቅድመ ምርጫ ወደ ኦገስት 23 ሄደ፤ የገዥው ግን በጁን ቀኑ ቀረ። ሕዝቡ በአንድ ክረምት ሁለቴ ተሰለፈ። መቼም ወጪው አይጣል ነው።

ልብ በይልኝ፣ የተገፋው ቅድመ ምርጫው ነው። አዲሱ ቀን ወዲያው ተቆርጧል። የኖቬምበሩን ዋና ምርጫ ማንም አልነካም፤ የኮንግረሱ ቀን በፌዴራል ሕግ የታሰረ ነው። ወንበር ላይ ያለው ሰው አንዲት ቀን አልተጨመረለትም።

አንቺ የምትይው ሲሆን ምን እንደሚመጣ ደግሞ አላባማ ላይ ታይቷል። እዚያ 7 የኮንግረስ መቀመጫ አለ። ከሕዝቡ ሩብ የሚያህለው ጥቁር ሆኖ ሳለ፣ ጥቁሮች የሚበዙበት የምርጫ ክልል አንድ ብቻ ነበር። በጃንዋሪ 2022 ሦስት ዳኞች ካርታው ሕግ ይጥሳል አሉ። በፌብሩዋሪ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አገደ። ምርጫ ሲቃረብ ሕጉን አትነካኩ የሚል፣ ከ2006ቱ የፐርሴል ጉዳይ የመጣ መርህ አላቸው። ምርጫው በዚያው ካርታ ተካሄደ። በጁን 2023 ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ለ4 ድምፅ የታችኞቹ ዳኞች ልክ ነበሩ አለ። የተመረጡት ግን ያኔ ወንበራቸው ላይ ነበሩ! ከዚህስ የሁለት ወር መዘግየት አይሻልም?

መራዘም ሁሉ አንድ አይደለም። የ2012ቱን የኛን አስቢ። ለነሐሴ 23 የተቆረጠው ምርጫ በኮሮና ምክንያት ቀረ። በሽታው እውነት ነበር፤ ማንንም አልከስም። ጉዳዩ ለሕገ መንግሥት ትርጉም ተመራ፣ ምሁራኑ ሲከራከሩ በቴሌቪዥን አየን። ሰኔ 3 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወሰነ፤ ኮሮና ስጋት አለመሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ከ9 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ይካሄድ አለ። ቀኑ በቁጥር አልተጻፈም፤ በሽታው ላይ ተንጠለጠለ። የሥራ ዘመናቸው ከተራዘመላቸው መካከል ደግሞ ወሳኙ ምክር ቤት ራሱ አለበት። እኔ ማመልከቻ ብጽፍ ኖሮ የምይዘው ይሄንን ነበር። ድምፅ የሰጠነው ሰኔ 14 ቀን 2013 ነው።

ስለ ካርታ ካነሳን የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 103 ንዑስ አንቀጽ 5ን እንዳትዘነጊው። ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄዳል፤ በውጤቱ ላይ ተመሥርቶ፣ ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን ይወስናል ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። ያኔ የተወለደ ሕፃን ዛሬ መራጭ ሆኗል። እነሱ ካርታው ተቀየረ ብለው ይካሰሳሉ፤ እኛ ዘንድ አልተቀየረም ብሎ የሚከስ ቢመጣ መልሱ ምንድነው? ለዚህ አንድ ምዕራፍ ስጪው። መምህርሽ ከርዕስ ወጣሽ ካለሽ አንቀጹን አሳይው።

ረቂቁን ላኪልኝ። የሰሜን ካሮላይናን ትእዛዝ ካገኘሽም በአማርኛ አሳጥረሽ ጨምሪበት፤ ከሳሾቹ ምን ብለው ጠይቀው ዳኞቹ እሺ እንዳሏቸው ማየት እፈልጋለሁ። ቆሎው በመኪና ይላክልሻል።

አባትሽ