ለቅሬዬ (ለእድሬ)፣ ለሐኪሞቼና በዓይኔ ላላየኋቸው ዶክተር

ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ብዙዎቻችሁ የዒዱንም የፋሲካውንም ቀሚስ ያሰፋችሁት እኔ ጋ ነው። የደም ካንሰር ሕመሜ ከታወቀ ዘንድሮ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ባለፈው ሳምንት ለክትትል አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ሐኪሜ ወረቀቱን አገላብጦ «እናቴ፣ ደምሽ ጥሩ ነው፣ በዚሁ ቀጥይ» አለኝ። ይህን ሰምቼ ዝም ብል ነውር ይሆንብኛል። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከግራ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር አንድ ነገር ከበደኝ። ፊቴና ክንዴ ይከሳል፣ ሆዴ ግን ይገፋል። የራሴን ቀሚስ ወገብ ሁለት ጊዜ ፈትቼ አሰፋሁት። ሌሊት በላብ ተዘፍቄ እነቃለሁ። ጎረቤቶቼ አርግዛለች ብለው ደስ ብሏቸው ነበር። ታይፎይድ ነው ተብዬ ታከምኩ። ቀጥሎ ጨጓራ ነው ተባልኩ። በመጨረሻ አንድ የላቦራቶሪ ልጅ ደሜን ቆጥሮ ሲጨርስ ዝም አለና እንደገና ቆጠረው። ነጭ የደም ሴሌ ከ200 ሺህ በላይ ሆኗል። ጤነኛ ሰው ላይ ከ11 ሺህ ብዙም አያልፍም። ጎኔ ላይ የከበደኝ ያበጠው ጣፊያዬ ኖሯል። ያ ልጅ ሁለተኛ ባይቆጥር ኖሮ ዛሬ የለሁም። ባለህበት ፈጣሪ ያክብርህ።

ጥቁር አንበሳ ሂጂ ስባል እጄ ላይ የመሳፈሪያ እንኳ አልነበረኝም። የቅሬያችን ሰብሳቢ ያን ቀን ማታ ቤቴ መጡ። «ቅሬ ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው?» አሉ። በማግስቱ ቤት ለቤት ዞረው ገንዘቡን አመጡልኝ። ስንት እንደሆነ እንኳ አልነገሩኝም፣ በመሀረብ ጠቅልለው ነው የሰጡኝ። ሀጂ ቤታቸው ዱዓ አስደረጉልኝ። ማዶ ያሉት እማማ ከግሸን ማርያም ያመጡትን ጸበል ይዘውልኝ መጡ። ሁለቱንም ተቀበልኩ። ወሎ ውስጥ እንዲህ ነው የምንኖረው። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሲሸኙኝ «አብሽሪ፣ ትመለሻለሽ» ያሉኝ ድምፅ እስከ ጣርማበር ድረስ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ጥቁር አንበሳ ላይ የሕመሜ ስም ታወቀ። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ ይባላል፣ የደም ካንሰር ነው። ካንሰር የሚለውን ቃል ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። ሐኪሟ ግን እጄን ይዛ «ይሄኛው መድኃኒት አለው» አለችኝ። በቀን አንዴ ከምግብ ጋር፣ በብዙ ውሃ የሚዋጥ ኪኒን። ስሙ ኢማቲኒብ፣ እኛ ታካሚዎቹ ግሊቬክ እንለዋለን። ኖቫርቲስ የተባለው አምራችና ማክስ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ባቋቋሙት ፕሮግራም በነፃ ነው የሚሰጠኝ። ግዢ ብባል ኖሮ የስፌት መኪናዬን ሸጬም የአንድ ወሩን አልሸፍንም ነበር። በጥቂት ወር ውስጥ ጣፊያዬ ጎደለ። ያሰፋሁትን ቀሚስ መልሼ አጠበብኩት።

አሁን በዓይኔ ወዳላየኋቸው ሴት ዶክተር ልምጣ። የእህቴ ልጅ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪ ናት። አንድ ቀን ቡና አፍልተን ተቀምጠን «አክስቴ፣ ይሄ ኪኒን ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተዘርግቶ ነበር። ጠመኔዬን አነሳችና አጭርና ረጅም ዱላ የመሳሰሉ ነገሮች ሣለችበት። ክሮሞሶም ማለት እነዚህ ናቸው፣ ከወላጅ የምንወርሰው ሁሉ የተጻፈባቸው፣ በአብዛኛው ሴላችን ውስጥ 46 አሉ አለችኝ። በፈረንጆቹ 1960 ፊላዴልፊያ ላይ ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የሚባሉ ሰዎች የእኔ ዓይነት በሽተኞች ደም ውስጥ አንዷን ክሮሞሶም አጥራ አገኟት። የጎደለው ቁራጭ የት እንደገባ ግን ያወቀ አልነበረም። እኔ ወዲያው «ቁራጭ መቼ ይጠፋል? ሌላ ጨርቅ ላይ ተጣብቆ ይሆናል እንጂ» አልኳት። ሳቀችና «ዶክተር ጃኔት ራውሊም ያገኙት ይህንኑ ነው» አለችኝ።

ዶክተር ራውሊ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነበሩ። ኦክስፎርድ ሄደው አዲስ የማቅለም ዘዴ ተምረው ተመለሱ። ያ ቀለም ክሮሞሶም ላይ እንደ ቀሚስ ጥለት መስመር በመስመር ያወጣል። ጥለቱ ከታየ ደግሞ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው እንደመጣ ይለያል። በማይክሮስኮፕ የተነሳውን ፎቶ ቤታቸው ይዘው እየገቡ፣ ምግብ በሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ ክሮሞሶሞቹን አንድ በአንድ በመቀስ እየቆረጡ ያመሳስሏቸው ነበር። ልጆቻቸው እማዬ በወረቀት አሻንጉሊት ትጫወታለች እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር አሉ። በ1973 የደረሱበትን አሳተሙት። ከ22ኛው ክሮሞሶም የጠፋው ቁራጭ 9ኛው ላይ ተለጥፎ ተገኘ። ቁራጮቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። በዚያን ጊዜ ብዙ ሳይንቲስቶች የክሮሞሶምን ለውጥ ካንሰሩ ያመጣዋል እንጂ ለውጡ ካንሰርን አያመጣም ይሉ ነበር። እሳቸው ግን ከመቀሳቸው አልተነሱም።

ከዚያ ሌሎች ተመራማሪዎች ቀጠሉ። የተጣበቁት ቁራጮች ሴሉን ተባዛ፣ ተባዛ እያለ ዕረፍት የሚነሳ ፕሮቲን እንደሚሠሩ ታወቀ። የእኔ ኪኒን ያንን ፕሮቲን ነው ዝም የሚያሰኘው። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 2001 ተፈቀደ። ጠረጴዛው ላይ ከተቆረጡት ወረቀቶች እስከ ኪኒኑ ድረስ ሃያ ስምንት ዓመት።

የእህቴ ልጅ የሕይወታቸውን ታሪክም አነበበችልኝ። የተወለዱት በፈረንጆቹ 1925 ነው። ሕክምና ለመማር ሲያመለክቱ 65 ተማሪ በሚገባበት ክፍል ለሴት የተፈቀደው 3 ቦታ ብቻ ነበር። ሞልቶ ስለነበር ዘጠኝ ወር ጠበቁ። አራት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ልጆቹን ለማሳደግ ብለው ለብዙ ዓመታት በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ሠሩ። ያንን ግኝት ሲያሳትሙ 48 ዓመታቸው ነበር። እዚህ ላይ ስትደርስ አለቀስኩ። እኔም ልጅ አዝዬ ነው መኪና የረገጥኩት፣ እናንተም ታውቃላችሁ። በፈረንጆቹ 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ የአሜሪካን የነፃነት ሜዳሊያ አጠለቁላቸው። በ2013 በ88 ዓመታቸው አረፉ። እሳቸውንም የወሰዳቸው ካንሰር ነው፣ የእንቁላል ዕጢ (ኦቫሪ) ካንሰር። ይህን ስሰማ እንደ ቅርብ ዘመድ ነው ያዘንኩት። ዶክተር፣ ነፍስዎን በገነት ያኑርልኝ። ጠረጴዛዎ ላይ የቆረጡት ወረቀት ደሴ ደርሷል።

በእኛ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ መጥቶ ከደሴ ስንወጣ ከስፌት መኪናዬ በፊት ያነሳሁት ኪኒኑን ነው። በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። ኮምቦልቻ ላይ መኪናውን አቁሞ «ተሳፈሪ እናቴ፣ ሒሳብ የለብሽም» ያለኝ ሹፌር፣ ፊትህን በጨለማ አላየሁትም፣ ይህን ካነበብክ ግን ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ። አዲስ አበባ አርባ ቀን ያህል ቤቷን ለቅቃልኝ ከልጆቿ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ያደረችው የአጎቴ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጥቁር አንበሳ ሐኪሞችና ነርሶች፣ መድኃኒት የምትሰጪኝና ከሩቅ አይተሽኝ ካርዴን የምታወጪልኝ እህቴ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቤቴና ልጆቼ፣ እናንተንማ በምን ቃል።

ከወሎ፣ ከየትኛውም ወረዳ፣ በዚህ ሕመም አዲስ አበባ ሂዱ የተባላችሁ ካላችሁ ሳትሄዱ እኔ ጋ ጎራ በሉ። ሱቄን ሰኞ ገበያ ላይ ጠይቁ፣ ይነግሯችኋል። የትኛው በር እንደሚገባ፣ ምን ወረቀት እንደሚያዝ፣ ካርድ ለማውጣት በስንት ሰዓት መድረስ እንዳለባችሁ እነግራችኋለሁ። ቡናውም ይፈላል።