ጭስ የሌለው ከሰልና ነፍሰ ጡሮች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ እርግዝና ሲጻፍ ምግብና ክትትል ይነሳሉ፤ ማድቤቱ ግን ይረሳል። የጋመ ከሰል ስለማይጨስ ደህና ይመስላል። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በርትቶ ይጣበቃል። በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ከእናቱ ደም ይልቅ ከፅንሱ ቀስ ብሎ ይወጣል። ኦክስጅን ያነሰው ፅንስ ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ ሊወለድ ይችላል።

ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል (ይህ ጭሱን እንጂ ጋዙን አያስቀርም)። ቡና ሲፈላ በርና መስኮት ይከፈቱ፤ ማታ ለሙቀት ተብሎ ፍም መኝታ ቤት አይግባ። እንጀራ መጋገሩንስ ባል ቢረከብ ምን ይለዋል?

ራስ ምታትና ማዞር «የእርግዝና ነው» ተብሎ አይታለፍ። ወዲያው ንጹህ አየር ወዳለበት ትውጣ፤ ቢሻላትም ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ የደም ግፊትም ሊሆን ይችላልና።

የእናቶች ጤና ባለሙያዎች
ከአዲስ አበባ