የኦፐንሃይመርን ወረቀቶች ለሚፈልጉ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የፊዚክስ ሊቁ የሮበርት ኦፐንሃይመር ሰነዶች ዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪ ክፍት ናቸው። እሱ በመራው ሥራ የተሠራውን የአቶሚክ ቦምብ ምሥጢር ፍለጋ የሚሄድ ግን ይሳሳታል፤ አብዛኛው ወረቀት ቦምቡ ከተሠራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1967 ያለውን ዘመን የሚመለከት ነው።

መጀመሪያ ማውጫውን አንብቡ፤ የሳጥኑን ቁጥር ይዛችሁ ጠይቁ። እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይፈቀድም። የወረቀቶቹን ቅደም ተከተል ፈጽሞ አታዛቡ፤ የቱ መልስ ለየትኛው ደብዳቤ እንደተጻፈ ብዙ ጊዜ የሚጠቁመው እሱ ነው። ምሥጢር ነው ተብሎ ከሳጥኑ የወጣ ወረቀት ካለ ብዙውን ጊዜ በቦታው ምልክት ይቀመጣል፤ ቀኑንና የላኪውን ስም ገልብጡ፤ ይለቀቅልኝ ብሎ ለማመልከት ያስፈልጋል።

ኦፐንሃይመር የመንግሥት ምሥጢር የማየት ፈቃዱ ይቀጥል ወይስ አይቀጥል የተባለበት የ1954ቱ የደኅንነት ፈቃድ ምርመራ ቃለ ጉባኤ ሳይቆረጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ! በአሮጌው እትም ብቻ የሚጻፍ ታሪክ ጎዶሎ ነው።

ከአክብሮት ጋር