የደጃፉን መብራት አበራሁት

ሸናንዶዋ ሸለቆ፣ ቨርጂኒያ
ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣ የኔ እናት፣ እንደምን ሰነበትሽ? ትምህርቱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ትናንት ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለተመለሰ አሁን 11 ሰዓት ሲል ይመሻል። ውርጩም ገብቷል። አባትሽ ሁለት ኮርድ፣ ሁለት ትልልቅ ክምር ማለት ነው፣ የኦክ ማገዶ እንጨት አስመጥቶ ከጋራዡ ጎን ደርድሮ ጨረሰ። ማታ ማታ ምድጃው ፊት ቁጭ ብሎ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይለኛል። ብሉ ሪጅ ተራራ ላይ ቅጠሉ እንደምታውቂው ከጫፉ ጀምሮ ነው የሚቀላው። ከዚያ ቀለሙ ቀስ እያለ ወደ እኛ ይወርዳል። አገር ቤት ጥቅምት አበባ ነው፤ እዚህ ቅጠሉ ራሱ አበባ ይመስላል። የጥቁር ዋልነቱን ዛፍ ፍሬ ያለ ጓንት ስለቀምኩ እጄ እንሶስላ የሞቀ መስሏል፣ ያውም ጠቁሮ። በሳሙናም አይለቅም።

የጻፍኩልሽ ግን ለሌላ ነገር ነው። ልጆች የተለያየ ነገር መስለው ለብሰው በየቤቱ ከረሜላ ለሚጠይቁበት ለሃሎዊን ዘንድሮ የደጃፉን መብራት አበራሁት። መብራቱ የበራ ቤት «ኑ» ማለት ነው።

እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ አፓርታማ ውስጥ የነበርንበትን ጊዜ ታስታውሻለሽ? ሰባት ዓመትሽ ነበር። የሰይጣን በዓል ነው ሲባል ሰምቼ፣ ሳልጠይቅ ሳልመረምር ተቀበልኩ። መብራቱን አጠፋሁ። ዝም በይ አልኩሽ። አንቺ ጆሮሽን በሩ ላይ ለጥፈሽ የጓደኞችሽን ድምፅ ትለዪ ነበር። አንዷ ስምሽን ስትጠራ እጄን አፍሽ ላይ አደረግኩ። አልቅሰሽ እንኳን አላስቸገርሽኝም። ጫማሽን አውልቀሽ ገብተሽ ተኛሽ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።

ያኔ ብጠይቅ ኖሮ የማውቀውን አሁን ነው ያወቅኩት። ሃሎዊን የሚውለው የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳንን ሁሉ በዓል በምታከብርበት ኖቬምበር 1 ዋዜማ ነው። ድሮ በእንግሊዝ ድሆች በዚያ ሰሞን በየቤቱ እየዞሩ ለሞቱ ሰዎች ነፍስ ይጸልዩ ነበር። ባለቤቶቹም ትንንሽ ዳቦ ይሰጧቸዋል። ይህን ስሰማ የእናቴ ቤት ተዝካር ነው ፊቴ የመጣው። ወደ አሜሪካ በብዛት ያመጡት ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጡ የአየርላንድ ስደተኞች ናቸው። በአገራቸው ለበዓሉ የሰው ፊት የሚቀርጹት ተርኒፕ በሚባል ሥራ ሥር ላይ ነበር፤ እዚህ ሲመጡ ዱባ አገኙ። እንደኛው ስደተኛ ናቸው፤ አዲሱ አገር ባበቀለው የልጅነታቸውን አደረጉ። ሰው ለጌጥ የሚሰቅለውን አጽምና ጠንቋይ ግን አሁንም ግቢዬ ውስጥ አልሰቅልም። እሱ አልተለወጠም።

ዘንድሮ ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ጥቅምት 21፣ ማርያም። ጠዋት ድፎ ዳቦ ደፍቼ ነበር፣ ኮባ ስለሌለ በሙዝ ቅጠል። ታዲያ የማርያም ዕለት ደጄን የሚያንኳኳ ልጅ እንዴት ብዬ እመልሳለሁ?

እዚህ ገጠር ቤቱ ከቤት የተራራቀ ነው። ካቻምናም አምናም አንድ ልጅ አልመጣም፤ ጨለማ ቤት ማን ይመጣል? ስለዚህ አባትሽ መንገዱ ዳር፣ ፖስታ ሳጥኑ ጋ ሁለት ፋኖስ አስቀመጠ። 12 ሰዓት ተኩል ገደማ የትራክተር ድምፅ ሰማን። ላም የሚያረባው ጎረቤታችን ጋሪውን ገለባ ሞልቶበት ልጆቹን ጭኖ መጣ። ዘጠኝ ናቸው። አንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ አንዱ ጠፈርተኛ። ትንሿ ንብ ነበረች፤ ብርዱ ስላስቸገራት ወፍራም ጃኬት ደርባ ክንፏ አይታይም። ግን «ንብ ነኝ» ብላ ነገረችኝ። በረንዳው ላይ ተሰልፈው «ትሪክ ኦር ትሪት» አሉ፤ ጣፋጭ ስጡን፣ አለዚያ እንተናኮላችኋለን እንደ ማለት ነው።

አንድ ነገር ቅር አለኝ። አይዘፍኑም። ደብረ ብርሃን ወንድሞቼ ለቡሄ ሆያ ሆዬ ሲሉ ዱላቸው መሬቱን ያንቀጠቅጠው ነበር። እናቴ ሙልሙል ስትሰጣቸው ቤቱን መርቀው ነው የሚሄዱት። እኔም ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ስል ዘፍኜ ነው የምቀበለው። እነዚህ ልጆች ግን ሦስት ቃል ብቻ! ቢሆንም ትንሿ ንብ ተመልሳ እግሬን አቀፈችኝ። እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

ለልጆቹ የሚሰጠው ከሱቅ የታሸገ ከረሜላ ነው፤ የቤት ምግብ ወላጆች ይፈራሉ። ለውዝ ለማይስማማቸውም እርሳስና ተለጣፊ ሥዕል አዘጋጅቻለሁ። ዳቦውን ለትልልቆቹ ቆረስኩ። ጋሪው ጋ ቆመው በሉ። ጎረቤታችን ጥቁር አዝሙዱን በጣቱ እያሳየ ምንድን ነው አለኝ። ነገርኩት። ሁለተኛ ቁራሽ ወሰደ። ሦስት ዓመት በእጅ ሰላምታ ብቻ የምንተላለፍ ሰዎች ነበርን። ያን ማታ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመን ስለ ጉድጓድ ውኃና ስለ ክረምቱ አወራን። ቡናም ልጠራቸው ነው።

አባትሽ የቀረጸው ዱባ አሁንም ደረጃው ላይ አለ። እንዲህ ያለው ትልቁ ዱባ ውኃ ብቻ ስለሆነ ለወጥ አይሆንም። ለወጥ የሚሆኑትን ትንንሾቹን ከመንገድ ዳሩ መደብ ገዛሁ፤ ጠባቂ የሌለው፣ ብሩን ሣጥን ውስጥ ጥለን የምንሄደው። ፍሬውን ቆልቼ በጨው አስቀምጬልሻለሁ።

ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ ዘንድሮ የነቢያት ጾም ከገባ በኋላ ነው። የጾም ዱባ ወጥ እሠራልሻለሁ፤ ቃሪያውን እንደምትወጂው አብዝቼ። ስትመጪ በቀን ንጂ። በዚህ ወር ሲመሽ አጋዘኑ ሳይታሰብ መንገድ ውስጥ ዘሎ ይገባል። ከመሸብሽም ቀስ ብለሽ ነይ፤ ፋኖሱን ፖስታ ሳጥኑ ጋ እተውልሻለሁ።

እናትሽ